አማቴን በቁማቸው

ሰኞ፣ ማርች 6

ደብተሩ አዲስ ነው። የደንበኞቼን ልክ ከምጽፍበት ጋር እንዳይምታታብኝ ሽፋኑ ላይ ቁራጭ አበባማ ጨርቅ ለጠፍኩበት። የገዛሁት በደስታ ነው። የወጣቶች ቤት ኃላፊ ቴአትሬን ተቀበለው! ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ተዋናይ፣ ኤፕሪል 8 ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። መድረኩ ከእኔ የመቁረጫ ጠረጴዛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ መቶ ሃያ ፕላስቲክ። ለእኔ ግን ቤተ መንግሥት ነው።

ከስድስተኛ ክፍል ያቆመች ልብስ ሰፊ ቴአትር ጻፈች ብለው በከተማችን በኩዱጉ ገበያ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። የጻፍኩትም ለሳቅ ነው።

ርዕሱ «ወጡ ጨው አነሰው» ነው። አዲስ ሙሽራ ወጥ ትሠራለች፣ አማቷ ትቀምሳለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጦርነት ነው። አማትየዋ የፈጠራ ሰው ናት፤ ሬዮ የምትኖር ሴት አድርጌያታለሁ። ባሌ ኢሳካ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጣጠፈና፣

«ይህቺን ሴት የማውቃት ይመስለኛል» አለኝ።

«የሬዮ ሴት ናት።»

«የሬዮዋ ሴት እንደ እናቴ ታነክሳለች? ከመናገሯ በፊትስ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች?»

«ሬዮ ውስጥ ጉሮሮ ያለው ሰው የለም?» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ረቡዕ፣ ማርች 8

የሴቶች ቀን። አርባ ሦስት ቀሚስ፣ ሁሉም ከአንድ ዓይነት ጨርቅ። የመጨረሻዋን ደንበኛ ቁልፏን ሳልተክል በመርፌ ቁልፍ ሸኘኋት። ጣቴን አራት ቦታ ወጋሁ። ልምምድ የለም። ወገቤም የለም።

ዓርብ፣ ማርች 10

ልምምድ ተጀመረ። አማትየዋን የምትጫወተው ሲብዱ ናት፤ ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትጠብሰው። ድምፅዋ ከዘይቱ ጩኸት በላይ ስለሚሰማ መረጥኳት። ሙሽራዋ ደግሞ ማዳም ቶዌ ናት፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ። አምሳ ዓመት ሊሆናት ነው፤ ቢሆንም ከእሷ በቀር ቃሉን በቃሏ የምትይዝ አላገኘሁም።

ማዳም ቶዌ ሳሞ ናት፣ እኛ ሞሲዎች ነን። የሞሲና የሳሞ ሕዝብ ከጥንት የቀልድ ዘመድ ነው፤ እነሱ «ባሪያዎቻችን» ቢሉን፣ እኛ «ውሻ በሎች» ብንላቸው መቀየም የለም። ስለዚህ ልምምዱ ግማሹ ስድብ ነው።

«እኔ ለሞሲ ምራት ልሆን? ባሪያዎቼ ቤት ወጥ ልሠራ?» ትላለች ድስቱን ይዛ።

«ውሻ እንዳትጨምሪበት ብቻ» ትላለች ሲብዱ።

«ለአንቺ ውሻ ይባክናል!»

ሲብዱ ሳቋ ሲመጣ ትቀመጣለች። ዛሬ ሰባት ጊዜ ተቀመጠች።

እሑድ፣ ማርች 12

እንደ ሁልጊዜው የአማቴን የያባ ቲቦን (ያባ አያት እንደ ማለት ነው) ምሳ ወሰድኩላቸው። ግቢያቸውን ከግቢያችን አንድ ግንብ ነው የሚለየው። ገንፎና የባሚያ ወጥ። ቀመሱ፣ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጨው የት ሄደ?»

«ሐኪሙ ቀንሱ ብሎ ነው፣ ያባ።»

«ሐኪሙ ይምጣና ይብላው እንግዲያው።»

ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ «ጎሽ» ሰምቼ አላውቅም። አልከፋኝም፤ ለመጻፍ ያህል ነው የጻፍኩት። ሳህኑን ጠርገው በሉ፣ ያ ይበቃል።

ስወጣ አሮጌውን ሰማያዊ ሽርጣቸውን፣ ሻሻቸውንና የሚያኝኩትን የኮላ ፍሬ መያዣ ከረጢታቸውን «ልጠግንልዎት» ብዬ ወሰድኩ። እውነት ነው፣ እጠግነዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሲብዱ ትለብሰው። አዲስ ጨርቅ መድረክ ላይ ውሸት ይመስላል።

ሐሙስ፣ ማርች 16

ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ሲብዱ ሽርጡን አገለደመች፣ ሻሹን አሰረች፣ ከረጢቱን ወገቧ ላይ ሻጠች፤ እያነከሰች ገባች። በመስኮት የሚያዩት የዓሣ ገበያ ሴቶች ባንዴ «ያባ ቲቦ!» ብለው ጮኹ። እኔ ራሴ ልነሳላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቴአትር የት ተማርሽ የሚሉኝ አሉ። የኢሳካ አባት ሲሞቱ ነው የተማርኩት። በቤቱ ትንሿ ምራት ስለነበርኩ ኩሪታ፣ በለቅሶ ላይ ሟቹን መስላ የምትታይ ሴት፣ የሆንኩት እኔ ነኝ። የሟቹን ቆብና እጀ ጠባብ አልብሰው፣ ዱላቸውን አስይዘው በለቀስተኛው መሃል ለቀቁኝ። እንደ እሳቸው ሳልኩ፣ እንደ እሳቸው ልጆቹን ተቆጣሁ፣ እንደ እሳቸው «ማነው ሬዲዮኔን የነካው?» አልኩ። ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ፤ እየሳቀ አለቀሰ። ሐዘኑ እስኪወጣ ድረስ እኔ እሳቸው ነበርኩ፤ ያባ ቲቦ እንኳ «አንተ ሰውዬ» እያሉ ይነታረኩኝ ነበር። አንድ ሰው በሌላ ሰው ውስጥ ሲገባ ተመልካች ምን እንደሚሆን ያን ጊዜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ አስሬ እጽፋለሁ።

ምነው ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ደረቴን ነካ አደረገኝ። ሙቀቱ ይሆናል። አርባ ሁለት ዲግሪ ነው።

እሑድ፣ ማርች 19

ያባ ታመሙ። ጠዋት ሊነሡ ሲሉ ዞረባቸውና ወደቁ። ኢሳካ በሞተር ከኋላው አስቀምጦ፣ እኔ ከኋላ ደግፌ፣ ሦስታችን ክሊኒክ ደረስን። ደም ግፊት። ግሉኮስ። ሐኪሙ ሙቀቱ ነው አለ። ሽማግሌዎች በዚህ ወር ይደክማሉ አለ። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

ሙቀቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 21

ሲብዱ ሱቄ መጣች። ሽርጡን፣ ሻሹን፣ ከረጢቱን አጣጥፋ በጋዜጣ ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። በሁለት ጣቷ ነው የያዘችው።

«እኅቴ ራስማታ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።»

«ልጆች እንዳሉሽ አውቃለሁ፣ አምስቱንም የምሰፋላቸው እኔ ነኝ።»

«ገበያው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለሰው በቁሙ ኩሪታ አወጡለት እያሉ ነው። ልብሷን ለበስኩ፣ በሦስተኛው ቀን ወደቀች። እኔ ነኝ የለበስኩት!»

«ሐኪሙ ሙቀቱ ነው ብሏል።»

«ሙቀቱ እኔንም ይመታኛል፤ ለምን እኔ አልወደቅኩም?»

ጥቅሉን ፈታሁ። ልብስ መልበሷ ምንም አልነበረም፤ ተዋናይ የማንንም ልብስ ይለብሳል። ያለበሰቻት ግን የያባ የገዛ ምራት ናት። ያውም አንድ ጊዜ ኩሪታ የሆነች ምራት። እንዴት አላሰብኩትም? ስለ ጨርቁ እውነተኛነት ሳስብ፣ ስለ ቀልዱ ሳስብ፣ ልጅ እንኳ የሚያውቀውን ረሳሁ።

ሽርጡን ጠገንኩት። ጥሩ አድርጌ ጠገንኩት።

ዓርብ፣ ማርች 24

የኢሳካ ታላቅ ወንድም ሰይዱ ከመንደር መጡ። ኮላ ፍሬ ይዘው። ሰይዱ ኮላ ይዘው ሲመጡ ነገሩ ከባድ ነው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ራስማታ፣ አባታችንን ያሳየሽን ቀን ያመሰገንኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«አልረሳሁም፣ ታላቄ።»

«ያ ለሟች ነው። በሕይወት ላለ ሰው የሚያደርገው ወይ እብድ ነው ወይ የቸኮለ ነው። ቸኩለሻል?»

ኢሳካ «ታላቄ፣ ይህማ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ባሌ ጥሩ ሰው ነው፤ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ብቻ ነው የሚያቅተው።

«ታቆሚዋለሽ» አሉ ሰይዱ። «ለእናታችንም እንዳትነግሯት። ይህን ከሰማች ያኔ ነው በእውነት የምትሞተው።»

ኮላውን ተቀበልኩ። መቀበል ማለት እሺ ማለት ነው።

ቸኩለሻል? አሉኝ። እኔን።

ሰኞ፣ ማርች 27

ጠዋት ሄድኩ፣ ተኝተዋል። በስድስት ሰዓት ሄድኩ፣ ሁለት ማንኪያ በሉ። በዘጠኝ ሰዓት ክር ልገዛ ስወጣ በመንገዴ ብቅ አልኩ (ክር ቤቱ በሌላ በኩል ነው)። ሲመሽ ሄድኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ሳሉ። ትናንት አሥራ አራት ነበር። እየቆጠርኩ አይደለም፤ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ነው።

ስለ ጨው ምንም አላሉም። ስለ ጨው አንድ ነገር ካሉ ሦስት ቀን ሆነ። ይህን አልወደድኩትም።

ሐሙስ፣ ማርች 30

የወጣቶች ቤት ሄጄ ቀርቷል አልኩት። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ሥነ ሥርዓት ያለው። «እናቴ፣ እስከ ሰኞ በሌላ አልተካውም፤ ያስቡበት» አለኝ። የሚታሰብ ነገር የለም አልኩት። ባዶውን መድረክ ለአንድ ደቂቃ አየሁት። ይኸው ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የትምህርት ቤት መዝጊያ ዩኒፎርም ሠላሳ ታዟል።

ማዳም ቶዌ ግን ስትሰማ እንደ ንብ ሆነች። «ቃሌን ሁሉ ሸምድጄ! ለመሆኑ አሮጊቷን የጠየቃት አለ?»

«ሰይዱ ከልክለዋል።»

«ሰይዱ እናንተን ነው የከለከለው። እኔን ማን ይከለክለኛል?»

ለያባ እንዳትነግራቸው እጇን ይዤ ለመንኳት። የሰማችኝ መስሎኝ ነበር።

እሑድ፣ ኤፕሪል 2

ይህን ቁጭ ብዬ በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ያባ በረንዳቸው ላይ በምንጣፍ ጋደም ብለዋል። ሰይዱ ሊሰናበቱ መጥተው ወንበር ላይ ኮላቸውን ያኝካሉ። ኢሳካ ሞተሩን ይወለውላል፤ ወልውሎት የማያውቀውን። እኔ ማራገቢያ ይዣለሁ። ማዳም ቶዌ ሳታንኳኳ ገባች፣ ትልቅ ባዶ ዘንቢል ይዛ።

«አንቺ አሮጊት! ገና አልሞትሽም እንዴ? ድስትሽን ልወርስ ዘንቢል ይዤ መጥቼ!»

ያባ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በክርናቸው ቀና አሉ። «በእኔ ድስት ውሻ አይቀቀልም» አሏት።

«ይኸውልሽ! የሞሲ ባሪያ እንኳን መሞት፣ መታመምም አይችልበት። ልጆችሽስ ምን ዓይነት ፈሪዎች ናቸው? ምራትሽ አንቺን በቴአትር ልታሳይ ነበር። ሲብዱ ሽርጥሽን አገልድማ፣ እያነከሰች፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች። ከዚያ አንቺ ስትወድቂ 'በቁሟ ኩሪታ አወጣንባት' ብለው ተርበደበዱና ሰረዙት። የሚነግርሽ ወንድ ጠፍቶ ሳሞ ነገረሽ!»

የሰይዱ መንጋጋ ቆመ። የኢሳካ ጨርቅ ቆመ። እኔ ምድሩን አየሁ፤ ጉንዳኖች የገንፎ ፍርፋሪ ይጎትቱ ነበር፣ ከእነሱ ጋር መሄድ ተመኘሁ።

ያባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ሲብዱ? ዓሣ ጠባሿ?»

«አዎ፣ ያባ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

«ያቺ እንደ ጎማ የምትንከባለለው እኔን? በየትኛው እግሯ ነው የምታነክሰው?»

«በ… በግራ።»

«ግራው ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ቀኙ ነው። ቴአትሩ ስንት ሰዓት ነበር?»

«አሥር ሰዓት።»

«እንግዲያው ቀኝ ነው! ሃያ ስድስት ዓመት ስታይኝ የት ነበርሽ?»

ሰይዱ ኮላውን ከአፋቸው አወጡ። «እናቴ፣ ይህ እኮ የሟች ሥርዓት ነው…»

«ሟቹ ምን አየ? ይቺ ልጅ አባታችሁን ስትሆን ሰፈሩ በሙሉ አየ። እሱ ብቻ አላየም። ስለ ራሱ ማውራት እንዴት ይወድ ነበር! አንዱንም ሳያይ ቀረ፣ ምስኪን። እኔ እንደ እሱ ሞኝ ነኝ? ሰው ስለ እኔ ሲስቅ መሃል ተቀምጬ ነው የማየው።»

«እኔ ልሁንልሽ» አለች ማዳም ቶዌ። «እኔ ብሰድብሽ ምንም አይደርስብሽም።»

«ሳሞ? መሃል ላይ አጥንት ካየሽ እኔን ትረሺኛለሽ።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷ ናት የምታደርገው። በምሞት ቀን ማድረጓ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ብታበላሸው ማን ያርማታል? አሁን ታድርገው፣ አሁን አለሁ።»

ያባ ወደ ምንጣፋቸው ተመለሱና፣

«ምሳው ደግሞ ጨው የለውም» አሉ።

ወደ ማድቤት ሮጥኩ። ጨው ላመጣ ነው። ለምን እዚያ ቁጭ ብዬ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ኢሳካ መጥቶ ፈለገኝ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 5

ልምምድ በያባ ግቢ። ምንጣፋቸው ላይ ሆነው በዱላቸው ይመሩናል። «አትቸኩዪ፣ እኔ ስቆጣ አልቸኩልም!» «እንዲህ አልስቅም፣ እንዲህ የሚስቀው ፍየል ነው!» ሰይዱ መሄዳቸውን ትተው ሁለት ቀን አኩርፈው ዛሬ «ኮላውን በግራ ጉንጯ ነው የምታደርገው» ብለው ከወንበራቸው አረሙኝ። አልሰማሁም መስዬ ወደ ግራ አዞርኩት።

ያባ ግን ቶሎ ይደክማቸዋል። ሩቡን ጊዜ ተኝተው ነው የሚሰሙት። ሐኪሙ ቅዳሜ እንዳይወጡ አለ። እሳቸው ደግሞ ሐኪሙ ቴአትር አያውቅም አሉ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 8

ስምንት ሰዓት። ቃሌን ሁሉ ረሳሁ፤ የጻፍኩትን ቃል! ሲብዱ ሰው ልታስገባ በር ላይ ቆማለች። ኢሳካ ታክሲ ሊጠራ ሄዷል ለያባ። ይምጡ? አይምጡ? ቢወድቁስ? ሽርጡ ዛሬ እኔ ላይ ነው። በገዛ እጃቸው ነው ያስገለደሙኝ። እጃቸው ትኩስ ነው፣ ትኩሳት ይሆን? ሄድኩ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 9

ያባ ደህና አደሩ። እንዳደሩ አየሁ፤ ሁለት ጊዜ ገብቼ አየሁ።

መቶ ሃያው ወንበር ሞልቶ ሰዉ በግድግዳው ተሰልፎ ቆመ። ያባን ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው፣ ከጎናቸው ሰይዱ፣ ውሃ ይዘው። ገበያው በሙሉ መጥቶ ነበር፤ ግማሹ ቴአትሩን ሊያይ፣ ግማሹ እሳቸው ሲወድቁ ሊያይ። መብራቱ በርቶ በቀኝ እግሬ እያነከስኩ ስገባ አንድም ሰው አልሳቀም። ሁሉም ዞሮ እሳቸውን አየ።

ያባ ዱላቸውን መሬት መቱ። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ? እዚያ ነኝ!» አሉ ወደ መድረኩ እያመለከቱ።

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ሊነሳ ደረሰ። ጉሮሮዬን ስጠርግ አብረውኝ ጠረጉ። ማዳም ቶዌ ወጥ ስታቀርብ «እንዳትቀምሺው፣ ሳሞ ነች!» ብለው ጮኹ። መሃል ላይ «ያንን አሳጠርሽው» ብለው ንግግሬን ራሳቸው ጨረሱት፤ እሳቸው የጨረሱት ከጻፍኩት ይሻል ነበር።

መጨረሻው ላይ ማዳም ቶዌ ሦስተኛውን ወጥ ይዛ ትንበረከካለች። እኔ እቀምሳለሁ፣ «አሁን ደግሞ ጨው በዛው!» እላለሁ፣ መብራት ይጠፋል። እንዲህ ነው የተጻፈው። ቀመስኩ። ማዳም ቶዌን ቁልቁል አየኋት። ከላይ ሆኖ ሲታይ፣ ሳህን ይዛ የተንበረከከች ሴት አንገቷ በጣም ቀጭን ነው። ይህን ከዚህ በፊት ከዚያ በኩል አይቼው አላውቅም።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሙቀቱ ነው። በያባ ድምፅ፣

«ልጄ፣ አንቺ ከመጣሽ ወዲህ በዚህ ቤት ብቻዬን በልቼ አላውቅም። እጅሽ ይባረክ» አልኩ።

ማዳም ቶዌ አፏን ከፍታ ቀረች። መብራት የሚያጠፋው ሰው የሚጠብቀውን ቃል ስላልሰማ አላጠፋም። እኔም በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ በሽርጣቸው፣ በቀኝ እግሬ ቆሜ ቀረሁ።

ከፊት ወንበር ጉሮሮ ተጠረገ። ሦስት ጊዜ።

«ይህን እኔ ብዬ አላውቅም!»

ሰዉ ፈነዳ። ሲብዱ በሩ ላይ ቁጭ አለች። ሰይዱ ውሃውን ጉልበታቸው ላይ ደፉት። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ ያባም አልሳቁም። ዱላቸውን አነሱ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሆን ድምፅ፣ ግን ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣

«አላልኩም» አሉ። «ግን ከቴአትሩ አታውጪው።»